ከቴነሲ ወንዝ እስከ ሞቢል ወደብ፤ በትንሽ የሞተር ጀልባ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዛሬው ቀን፣ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከጂኦግራፊ ትምህርት አንድ ርእስ መርጠን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የመረጥነው ርእስ ለጊዜው የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ይኸውም በአሜሪካ ደቡብ፣ ከባሕር ርቀው በየብስ መካከል በሚፈሱት ወንዞች ላይ፣ አንድ ሰው በገዛ የሞተር ጀልባው እንዴት አድርጎ እንደሚጓዝ ነው። ነገር ግን ወንዝ ሁሉ ከሩቅ ተነሥቶ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ የኛም ነገር በመጨረሻ ወደ ቤታችን መድረሱ አይቀርምና በትዕግሥት እንድትሰሙን እንለምናለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ይህን ርእስ የመረጥነው ሀብታሞች በጀልባቸው ሲዝናኑ ለማድነቅ አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ወንዝ መንገድ የሚሆነው በተፈጥሮው ነው ወይስ በሰው ሥራ? በሰው ሥራ ከሆነስ፣ መንገዱ የማን ነው? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ወንዝ ላለው አገር ሁሉ የሚገቡ ናቸው፤ ይልቁንም ብዙ ወንዝ ላላት ለኛ አገር።

እንግዲህ አስቀድመን ካርታውን እንመልከት። ከሚኒሶታ፣ ከኢታስካ ሐይቅ የሚነሣው ታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ 3,770 ኪሎሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ከምሥራቅ የሚመጣው የኦሃዮ ወንዝ ካይሮ በምትባል ከተማ አጠገብ ከሚሲሲፒ ጋር ይገናኛል። ኦሃዮም ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ፓዱካ ከተማ ላይ የቴነሲን ወንዝ ይቀበላል። የቴነሲ ወንዝ አካሄድ እጅግ የሚያስገርም ነው። ከኖክስቪል ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርድና አላባማ ከሚባለው ክፍለ አገር ይገባል። ወደ ባሕር እየቀረበ ነው ሲባል ግን ፊቱን ያዞርና ወደ ሰሜን ይመለሳል። በጠቅላላው 1,049 ኪሎሜትር ተጉዞ መጨረሻው ኦሃዮ ይሆናል። ደጁ ከደረሰ በኋላ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው ተመልሶ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ ወንዝ መታጠፊያ ብዙ ሳይርቅ ቶምቢግቢ የሚባል ሌላ ወንዝ ይነሣል። እርሱ ፊቱን ሳያዞር በቀጥታ ወደ ደቡብ ወርዶ በሞቢል ከተማ በኩል ወደ ባሕር ይደርሳል። ስለዚህ ሰዎቹ ካርታውን ባዩ ቁጥር አንድ አሳብ ይመጣላቸው ነበር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ከፍተኛ መሬት ቢቆረጥ፣ ከቴነሲ አገር የሚመጣ ጀልባ ወደ ሰሜን ዞሮ ኦሃዮንና ሚሲሲፒን መከተል ሳያስፈልገው በአጭሩ ባሕር ይደርሳል። ይህን ሥራ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1946 ፈቀደ፤ ቁፋሮው የተጀመረው ግን በ1972 ነው። በ1984 መጨረሻ ተፈጸመ፤ በ1985ም ተመረቀ። የውሃው መንገድ ርዝመት 377 ኪሎሜትር ነው። የተቆፈረው አፈር ለፓናማ ቦይ ከተቆፈረው ይበልጣል፤ የወጣውም ገንዘብ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በጊዜው ብዙ ሰዎች ሥራውን ተቃውመዋል፤ እስከ ፍርድ ቤትም ደርሰው ነበር። ቦይው ከተከፈተ በኋላ ያለፈበት ጭነት አስቀድሞ ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ተቃዋሚዎቹ የተናገሩት ሁሉ ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም።

አሁን በአሳባችን አብረን እንሣፈር። እኛ ይህን መንገድ በካርታ ላይ በጣታችን ተከትለነዋል፤ እናንተም ተከተሉን። ጀልባችን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ በናፍጣ ሞተር የሚሄድ፣ ሁለትና ሦስት ሰዎች ተኝተው የሚያድሩበት ነው እንበል። ከፓዱካ እስከ ሞቢል ያለው መንገድ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። በቀን ሰማንያ ኪሎሜትር ብንሄድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅብናል። ብዙዎቹ መንገደኞች ይህን ጉዞ የሚመርጡት በመከር ወራት ነው፤ በክረምቱና በጸደዩ ወንዙ ይሞላል፣ ግንድም ይዞ ይመጣል። ለምን በሚሲሲፒ አትወርዱም የሚል ቢኖር፣ ከሴንት ሉዊስ በታች ያለው ሚሲሲፒ ውሃው ኃይለኛ፣ የጭነት መርከቡ ብዙ፣ ለትንሽ ጀልባ የሚሆነው ማረፊያና የነዳጅ ማደያው ግን ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ደረጃ መውጣት ነው። ወንዝ ደረጃ አለው ወይ ትሉ ይሆናል። አዎን አለው፤ እነርሱ ሎክ ይሉታል። ሎክ ማለት በግድብ ጎን በሲሚንቶ የታነጸ፣ ከላይና ከታች በብረት በር የሚዘጋ ረጅም ክፍል ነው። ከላይ የመጣው ጀልባ ይገባል፤ በሩም ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ቫልቩን ሲከፍት በክፍሉ ውስጥ ያለው ውሃ በግድግዳው ሥር በተሠራው መሄጃ ወደ ታችኛው ወንዝ ይፈሳል፤ ጀልባውም ከውሃው ጋር ቀስ እያለ ይወርዳል። የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል በሆነ ጊዜ የታችኛው በር ይከፈትና ጀልባው መንገዱን ይቀጥላል። ወደ ላይ ለሚወጣውም ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ክፍሉ ከላይኛው ውሃ እንዲሞላ መደረጉ ብቻ ነው። ውሃውን የሚያነሣ ፓምፕ የለም። ሁሉንም የሚሠራው የውሃው የገዛ ክብደት ነው፤ ይህም በፊዚክስ ክፍል የተማርነው፣ የተገናኘ ውሃ ሁሉ እኩል ከፍታ ይፈልጋል የሚለው ሕግ ነው።

ከፓዱካ ተነሥተን በቴነሲ ወንዝ ላይ ስንወጣ ሁለት ደረጃ እንወጣለን፤ አንደኛው በኬንታኪ ግድብ፣ ሁለተኛው በፒክዊክ ግድብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሐይቅ 296 ኪሎሜትር ይረዝማል። ከዚያም የተቆረጠውን ከፍተኛ መሬት እናልፍና አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ ባሕር እንወርዳለን። ከእነዚህ የመጀመሪያው፣ ጄሚ ዊተን በተባለው የምክር ቤት አባል ስም የተሰየመው፣ በአንድ ጊዜ 25 ሜትር ከግማሽ ያህል ያወርዳል። ይህ ስምንት ፎቅ ያለው ቤት ቁመት ነው። ወደ ላይ የሚወጡትም በአላባማ የሚገኘው የዊልሰን ሎክ በአንድ ጊዜ ወደ 28 ሜትር ያነሣቸዋል።

በሎክ ውስጥ ለትንሽ ጀልባ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ነው። መሪው አስቀድሞ በራዲዮ ይጠራል፤ ራዲዮ ከሌለውም በጡሩምባ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማል። ቀይ መብራት ከበራ ርቆ ይጠብቃል፤ ቢጫ ከሆነ ተጠንቅቆ ይቀርባል፤ አረንጓዴ ሲበራ ይገባል። በጀልባው ላይ ያሉት ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይለብሳሉ። በግድግዳው ውስጥ ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ የብረት ምሰሶ አለ፤ ገመዱን በእርሱ ላይ ይጠመጥሙና ጫፉን በእጅ ይይዙታል እንጂ በጀልባው ላይ አጥብቀው አያስሩትም። ምሰሶው ድንገት ተጣብቆ ቢቀር ውሃው ሲጎድል ጀልባዋ ተንጠልጥላ ትቀራለችና። ስለዚህ አዋቂ መንገደኛ ገመድ የሚቆርጥበት ቢላዋ ከአጠገቡ አይለይም።

አሁን የንግግራችን ልብ ወደ ሆነው ነገር ደርሰናል። በአንድ ሎክ ፊት ብዙ መርከቦች ተሰብስበው ቢገኙ ማን ይቅደም? የአገሩ ደንብ ተራ አስቀምጧል። መጀመሪያ የመንግሥቱ የጦር መርከቦች፣ ቀጥሎ የፖስታ፣ ቀጥሎ ሰው የሚያመላልሱ፣ ቀጥሎ ጭነት የሚገፉ፣ ቀጥሎ ለንግድ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ከሁሉ በኋላ ለመዝናናት የሚሄዱ ናቸው። የኛ ጀልባ እንግዲህ የመጨረሻዋ ናት። ይህ ተገቢ ነው እንላለን፤ የሰውን እህልና የፋብሪካውን ዕቃ የያዘ ሠራተኛ ሽርሽር ለወጣ ሰው ቆሞ ሊጠብቅ አይገባውም።

ዳሩ ግን ይኸው ደንብ ሌላ ቃል ጨምሯል። ትንሹ ጀልባ ከሌሎች ጋር አብሮ ለመግባት ቦታ ሳያገኝ ሦስት ጊዜ ሎኩ የሚሠራበት ያህል ጊዜ ካለፈ፣ ለትናንሾቹ ለብቻቸው ይከፈትላቸዋል። ይህን ሁሉ ትልቅ በር የሚከፍቱት ምናልባት ለአንዲት የስምንት ሜትር ጀልባ ነው። ለመክፈቻውም ገንዘብ አይጠየቅም። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ከግድቡ ቁመትና ከቁፋሮው ብዛት ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። ትልቁ እንዲቀድም መፍቀድ ለማንም አይከብድም፤ ኃይሉ ራሱ ያስቀድመዋልና። ትንሹ በር ላይ ተረስቶ እንዳይቀር ቁጥር ጠቅሶ በደንብ መጻፍ ግን አሳቢነትን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን አሳብ መሸሸግ አይገባንም። የጭነት መርከቦች ለሚያቃጥሉት ነዳጅ በአንድ ጋሎን 29 ሳንቲም ለውሃ መንገዶች ሥራ ይከፍላሉ፤ የመዝናኛ ጀልባዎች ግን ይህን ቀረጥ አይከፍሉም። ስለዚህ የሠራተኛው ግብር የሀብታሙን መዝናኛ ሊሸከም አይገባም የሚል ሰው ቢነሣ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። እኛ የምንለው፣ በሩ ለትንሹ መከፈቱ መልካም ነው፤ ከሚከፈትላቸው መካከል አቅም ያለው የሚገባውን ያህል ቢያዋጣ ደግሞ የተሻለ ነው።

ስለ ወንዙ ጎረቤቶችም ጥቂት እንናገር። በእነዚህ ወንዞች ላይ ባርጅ የሚባሉ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች በሽቦ ገመድ አንድ ላይ ይታሰሩና አንድ መርከብ ከኋላ ሆኖ ይገፋቸዋል። አንዱ ባርጅ ወደ 1,500 ቶን ይጭናል፤ በቴነሲ ወንዝ ላይ አሥራ አምስቱን አስሮ የሚገፋ መርከብ ይገኛል። ይህም ከ22,000 ቶን በላይ፣ ማለት ብዙ መቶ የጭነት መኪና የሚሸከመው ነው። እንዲህ ያለው መርከብ ልቁም ቢል ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ሳይሄድ አይቆምም። ከፊቱ ያለውንም በመቶ ሜትር የሚቆጠር ርቀት መሪው ሊያይ አይችልም፤ ባርጆቹ ይሸፍኑታል። ስለዚህ ትንሹ ጀልባ አስቀድሞ በራዲዮ ተነጋግሮ በየትኛው ጎን እንደሚያልፍ ይጠይቃል። አንድ አጭር ጡሩምባ በግራ ጎኔ ትቀራለህ፣ ሁለት አጭር ደግሞ በቀኝ ጎኔ ትቀራለህ ማለት ነው። ፈጣኑ ጀልባም በቀርፋፋው አጠገብ ሲያልፍ የሚያስነሣው ማዕበል የሌላውን ሰው ምሳ ከገበታ እንዳያፈስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ በውሃ ላይ ያለ ይሉኝታ ነው።

መንገዱ የሚታወቀው በተንሳፋፊ ምልክት ነው። ከባሕር ወደ ላይ ለሚወጣ ሰው ቀዩ ምልክት በቀኙ፣ አረንጓዴው በግራው ይሆናል፤ ወደ ባሕር ለሚወርድ ደግሞ ይገለበጣል። ምልክቶቹ በሚወስኑት ስፍራ ቢያንስ 2.7 ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖር ይጠበቃል፤ ከዚያ ውጭ ግን አሸዋና የተቀበረ ጉቶ አለ። የኛ ሰው ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላል። የአሜሪካ ወንዞችም ግንድ ተሸካሚዎች ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ውሃ ጠግቦ፣ ከላዩ ጥቂት ብቻ ብቅ ብሎ በቁሙ የሚንሳፈፈው ግንድ ነው፤ ፕሮፔለሩን ከሰበረ ጉዞው ማለቁ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲወርድ መልሕቅ ጥሎ መጠበቅ እንጂ በግምት መሄድ ሞኝነት ነው። ከደሞፖሊስ ከተማ በታች እስከ ሞቢል ባለው 350 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ነዳጅ የሚሸጥበት ስፍራ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው በዱር መካከል ይቀራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ውሃው ነበር። ወንዝ ግን ከውሃ ሌላ የሚያስታውሰው አለ። ከፒክዊክ ግድብ በታች በቴነሲ ወንዝ ዳር ሻይሎ የሚባል ስፍራ አለ። እዚያ በ1862 ሚያዝያ ወር የሰሜኑና የደቡቡ ጦር ሁለት ቀን ተዋግተው ከ23,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። የሰሜኑ ጦር ወደዚያ የመጣው በወንዙ፣ በእንፋሎት መርከብ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1838 መንግሥቱ የቼሮኪን ሕዝብ ከአባቶቹ ርስት አስነሥቶ ወደ ምዕራብ ባሰደደ ጊዜ፣ ከተሰደዱት ከፊሉ በዚሁ በቴነሲ ወንዝ በጀልባ ተጭነው ወርደዋል። በዚያ ስደት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። ዛሬ መንገደኛው ወንበሩን ዘርግቶ የፀሐይን መጥለቅ የሚያይበት ውሃ ያው ውሃ ነው።

በጉዞው መጨረሻ፣ ከሞቢል ከተማ በላይ ወንዙ በብዙ እጅ ተከፋፍሎ በረግረግና በሸምበቆ መካከል ያልፋል። ለኛ ለአፍሪካውያን ልጆች ከመንገዱ ሁሉ ልባችንን የነካው ይህ ስፍራ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከ1808 ጀምሮ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን ከልክሎ ነበር። ሆኖም በ1860 ክሎቲልዳ የምትባል መርከብ 110 ያህል ሰዎችን ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከዳሆሜ ጠረፍ ጭና በድብቅ ወደዚህ አመጣች። ሰዎቹ ከወረዱ በኋላ ወንጀሉ እንዳይታወቅ መርከቧን አቃጥለው አሰጠሟት። ከጦርነቱ በኋላ ነጻ የወጡት ሰዎች ወደ አገራቸው ለመመለስ ገንዘብ ስላላገኙ፣ ከሞቢል በስተ ሰሜን መሬት ገዝተው የገዛ መንደራቸውን መሠረቱ፤ አፍሪካታውን አሏት። ከእነርሱ አንዱ ኮሶላ የሚባለው እስከ 1935 በሕይወት ኖሮ ታሪኩን ተናግሯል። የመርከቧም ስብርባሪ ከወንዙ ጭቃ ውስጥ መገኘቱ በ2019 ተረጋገጠ። ወንዝ ለ159 ዓመት የሸሸገውን አወጣ። በዚያ የሚያልፍ የመዝናኛ ጀልባ ሁሉ በዚህ ምስክር አጠገብ ያልፋል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የቴነሲ ወንዝ መንገድ የሆነው በተፈጥሮው አይደለም። ቀድሞ በአላባማ ሙስል ሾልስ በተባለው ስፍራ ድንጋይና አረፋ የሞላበት ወራጅ ጀልባን ሁሉ ያግድ ነበር፤ በበጋም ውሃው ይጎድል ነበር። የዊልሰን ግድብ በ1924 ተፈጸመ። በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የቴነሲን ሸለቆ የሚያለማ ባለሥልጣን አቋቋሙ። ከኖክስቪል እስከ ፓዱካ ወንዙ በዘጠኝ ግድቦች ተደረደረ፤ ጎርፉ ተገታ፤ የኤሌክትሪክ ብርሃንም ወደ ገበሬው ቤት ገባ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ከልብም እናደንቀዋለን።

ነገር ግን ከ10,000 በላይ ቤተሰቦች ከሸለቆው ተነሥተዋል። መሬት የነበራቸው ዋጋ ተከፈላቸው፤ በሰው መሬት እያረሱ ይኖሩ የነበሩት ጭሰኞች፣ ነጭም ጥቁርም፣ ለመሬቱ የሚከፈላቸው አልነበረም። የሙታን አጽም እንኳ ከየመቃብሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዷል። ለሠራተኞቹ በተሠራችው ኖሪስ በምትባለው አዲስ ከተማ ጥቁሮች እንዲኖሩ አልተፈቀደም ነበር። ስለዚህ ሎኩ ለትንሹ ጀልባ ተራ ሲሰጥ፣ ግድቡ ለትንሹ ሰው ተራ ሳይሰጥ የቀረበት ጊዜ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ደረስን። እኛም መርከብ የሚሄድበት ወንዝ ነበረን። አፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፣ ጋምቤላ ስሟ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ወደብ ሆነች። መርከቦቹ በዝናቡ ወራት ውሃው ሲሞላ በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ይመጡና የምዕራቡን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። ጣቢያው በ1956 ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ተመለሰ። ሌሎቹ ወንዞቻችን ግን በገደል መካከል ስለሚወርዱ ጀልባ አይችሉም። ዛሬ በጫሞ ሐይቅ ላይ አዞና ጉማሬ ለማየት የሚሄደው እንግዳ በትንሽ የሞተር ጀልባ ይሣፈራል፤ በጣናም ጀልባው ከገዳም ወደ ገዳም ያደርሳል። ከዚህ ያለፈ የውሃ መንገድ ገና ብዙ የለንም።

በደቡብ ያለው የኦሞ ወንዝ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ኦሞ ወደ ባሕር አይደርስም፤ መጨረሻው የቱርካና ሐይቅ ነው። በእርሱ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስተኛ ግድብ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ በ2016ም ተመርቆ ለአገራችን ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰጣል። ይህን ንግግር ያዘጋጀንበት መብራት ከእንደዚህ ያለ ሥራ የሚገኝ ነውና ማቃለል አይገባንም። ነገር ግን በታችኛው ኦሞ እንደ ዳሰነች ያሉት ሕዝቦች በየዓመቱ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ወንዙ ሲገታ ያ ሙላት ቀረባቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በእነርሱ ላይ እንዳይፈጸም ማሰብ የማን ሥራ ነው?

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን አለ፤ ዳኛ፣ የአውራጃ ሹም፣ መምህር የሚሆንም አለ። ወንዝ የሚገድብ፣ መንገድ የሚጠርግ፣ ደንብ የሚጽፍ ከዚህ አዳራሽ ይወጣል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ያን ጊዜ ከቴነሲ ወንዝ ሁለት ነገር እንድናስታውስ ይገባናል። አንደኛው፣ መንገድ የሌለው ወንዝ በዕውቀትና በትዕግሥት መንገድ ሊሆን መቻሉ ነው፤ ወንዛችን አይሆንም ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ሁለተኛው፣ ትልቁን የምናሳልፍበትን በር በምንሠራበት ቀን ትንሹ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቅ አብረን መጻፍ እንዳለብን ነው። ለጀልባው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ጭምር፤ ከበሩ ፊት ለቆመው ብቻ ሳይሆን ከወንዙ ዳር ለሚዘራውም ጭምር።

ይህ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት በሩን ለድሀውም ለባለጸጋውም ልጅ ከፍቶ በተራችን አስገብቶናል፤ እኛም በዚህ ዓመት ከታችኛው በር ወደ ሰፊው ውሃ እንወጣለን። ከኋላችን ለሚመጡት ታናናሾቻችን በሩ እንደ ተከፈተ እንዲቆይ ወላጆቻችንንና መምህሮቻችንን አደራ እንላለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክ።